የባለቤታቸው መጥበሻ

ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት በፌስታል የያዙትን የብረት መጥበሻ አጠገባቸው ላለችው ሴት ገልጠው አሳዩዋት።

«ልጄ፣ ይህን በምን ዘይት ላሟሸው?»

«ምነው እንዲህ ዛገ፣ አባባ?»

«በሳሙና ፈትጌ አጥቤው ነዋ። ከዚያ በቅቤ አሟሸሁት።»

«በቅቤ! ታዲያ በሁዳዴ ምን ሊያበስሉበት?»

«የንስሐ አባቴም ስቀውብኛል።»

«የሱፍ ዘይት ይግዙ፤ ገበያው ላይ ሞልቷል።»

«ሞከርኩት። ሽታው የእሷ አይደለም።»

«የማን?»

«የባለቤቴ። አርባ ዓመት እሷ አሟሸች፣ እኔ በላሁ። አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምትቀባው አልጠየቅኋትም። አሁን ሙት ዓመቷ ደረሰ።»

«ነፍስ ይማር። ሽታው ምን ይመስል ነበር?»

«ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ እቆጣት ነበር።»

«እንግዲያው የጎመን ዘር ነው። ወቅጠው በጋለው ብረት ላይ በጨርቅ ይሹት፤ ዘይቱ ራሱ ይወጣል።»

«ዓይኔን ያቃጥለኛል?»

«ያስለቅስዎታል እንጂ!»

«እሰይ፣ ልጄ። እሰይ።»

እኔም እስከ መነኻሪያው ድረስ፣ በቤታችን ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ብቻ የማውቀውን ነገር አንድ በአንድ ሳስብ ሄድኩ።