ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው

(ደብረ ማርቆስ፣ የአናጺው የአቶ ይልቃል ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ስትጽፍ የዋለችው ልጃቸው ሕሊና ሱቅ ደርሳ ስትመለስ፣ አባቷ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲነሱ ደረሰች።)

ሕሊና፦ አባዬ፣ ስትጨርስ የራስህን አካውንት ብቻ ዝጋው አልኩህ እንጂ ማሽኑን አጥፋው አልኩህ?

አቶ ይልቃል፦ ጨርሼ ነው ያጠፋሁት።

ሕሊና፦ አንተ ጨረስክ፤ የኔ ግን እንደተከፈተ ነበር። ያንተ ያንተ፣ የኔ የኔ ነው፣ ሁለታችንም ገብተን መሥራት እንችላለን ብዬህ አልነበር?

አቶ ይልቃል፦ ብለሽኛል።

ሕሊና፦ ከጠዋት ጀምሮ የጻፍኩት በሙሉ ሄደ። ሴቭ አላደረግሁትም።

አቶ ይልቃል፦ ታዲያ ያ የማን ጥፋት ነው?

ሕሊና፦ እሱ የኔ ነው፣ እሺ። ግን ከመጥፋቱ በፊት እኮ ይጠይቅሃል። «ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው፤ ካጠፉት ሥራው ይጠፋል» ይላል። ላንተ እንዲቀልህ ብዬ ሁሉንም ወደ አማርኛ ቀይሬዋለሁ።

አቶ ይልቃል፦ መነጽሬን አላደረግሁም ነበር።

ሕሊና፦ ግንባርህ ላይ ነው ያለው።

አቶ ይልቃል፦ እንግዲህ ቸኩዬ ይሆናል።

ሕሊና፦ ምን አስቸኮለህ? ገና በሩን ስከፍት ብድግ አልክ። ምን እያየህ ነበር?

አቶ ይልቃል፦ ተይው ሕሊና።

ሕሊና፦ ልክፈተውና ልየው?

አቶ ይልቃል፦ ፊደል ነው። ለሕፃናት የሚያስተምሩት፣ ሀ ሁ ሂ የሚሉት።

ሕሊና፦ ለማን ብለህ?

አቶ ይልቃል፦ ካንቺና ከኔ ሌላ እዚህ ቤት ማን አለ?

ሕሊና፦ አባዬ... የትምህርት ቤት ካርዴን እኮ አንተ ነበርክ የምትፈርመው።

አቶ ይልቃል፦ ፊርማ እችላለሁ። ሌላውን እናትሽ ነበረች የምታነብልኝ፣ አንቺ ሳትኖሪ ጠብቃ። የእድሩን ማስታወቂያ፣ የመብራቱን ቢል፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ። እሷ ካረፈች ወዲህ ክኒኑን በቀለሙ ነው የምለየው።

ሕሊና፦ ለምን አልነገርከኝም?

አቶ ይልቃል፦ ዩኒቨርሲቲ ለገባች ልጅ ምን ብዬ ልንገር? ሰፈሩ ሁሉ «ልጁን ያስተማረ» ይለኛል፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዛሬም የግቢው በር ሲከፈት መጣች አልኩና ለማጥፋት ተጣደፍኩ። ያ የሚጠይቀው ጽሑፍ ሲመጣ ሁለት ፊደል ለይቼ ነበር። ሌላው እስኪገለጥልኝ አንቺ ደረስሽ። ሰማያዊውን ምልክት ነካሁት።

ሕሊና፦ እኔ ደግሞ ጮህኩብህ።

አቶ ይልቃል፦ ልፋትሽን አጠፋሁብሽ፤ ምን ታደርጊ።

ሕሊና፦ እንደገና እጽፈዋለሁ። ከዚያ አንተ ያቆምክበትን ከፍተን አብረን እናያለን።

አቶ ይልቃል፦ ነገ የምታስረክቢውስ? አማካሪሽን ምን ትያቸዋለሽ?

ሕሊና፦ መብራት ጠፋብኝ እላቸዋለሁ። ማንም አይጠራጠርም።

አቶ ይልቃል፦ መብራት አልጠፋም። አባቴ ማንበብ አይችልም፣ ሳያውቅ አጠፋብኝ በያቸው።