የአንድ ሰው ቤት

— ሄሎ... አዎ፣ ነቀምቴ ነው... አገናኙኝ፣ እየጠበቅኩ ነው... ሄሎ? ተድላ? ድርቤ ነኝ፣ የሰፈራ ምዝገባዋ ድርቤ። ስለደወልክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ሥር ቁጭ ብያለሁ።

— ደህና ነን... ልጆቹም ደህና። ሰላምታውን ተወውና መስመሩ ሳይቋረጥብን ልንገርህ።

— ነመራ፣ ባልበላ ጩፊ። በሩን ዝጋውና ለእማማ ወንበር ስጣቸው፤ ከጉቴ ሰፈራ ጣቢያ በእግራቸው ነው የመጡት።

— ለሥራ ባልደረባዬ ነው። እዚህ አንዲት እናት አሉ፤ ወለቴ ይባላሉ፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪ። የፈለግኩህ በሳቸው ጉዳይ ነው። ያን አዲስ አበባ ላለው የምዝገባ ኮምፒዩተር የሠራኸውን ሥዕል አውጣው... አዎ፣ ሳጥኖቹና መስመሮቹ ያሉበትን። እኔም ግልባጩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ።

— «አባወራ» የሚለውን ሳጥን አገኘኸው? ከሱ ወደ «ቤተሰብ» የሚሄደውን መስመር ተከተል። ጫፉ ላይ እንደ ዶሮ እግር ሦስት ጣት አለ... ልክ ነህ፣ ብዙ ማለት ነው። ከጣቶቹ በፊት ምን አለ?

— አጭር ጭረት። ጭረት ማለት የግድ ነው ብለህ አስተምረኸኝ ነበር። ክብ ቢሆን ኖሮ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል ማለት ነው። አልተሳሳትኩም አይደል?

— እንግዲያማ አባወራ ሁሉ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል የግድ አለው። ብቻውን የቀረ ሰው ቅጽ ሲገባ ማሽኑ «ያልተሟላ» ብሎ ይመልሰዋል። ቅጹ ከተመለሰ እዚህ የራሽን ካርዱ ይነሳል... አላወቅክም? እንግዲህ እወቅ። ሸዋርጋ የሚባሉ መበለት በዚሁ ካርዳቸውን ካጡ ሦስት ወራቸው ነው፤ ከሰው ደጅ ነው የሚበሉት።

— እማማ ወለቴ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። እሳቸው በላይ ከሚባል ልጃቸው ጋር ነበሩ፣ ሁለት ሆነው ነው የተመዘገቡት። ልጁ በወባ ሞተባቸው። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ቀኑ።



— መሞቱን አልተናገሩም። ከተናገሩ ብቻቸውን ሊጻፉ ነው፣ ካርዱም ሊነሳ ነው። ጃራ የሚባል ያገሬው ገበሬ ጉድጓድ ቆፈረላቸውና ሁለት ሆነው ቀበሩት። የት ሄደ ሲሏቸው እንጨት ሊለቅም ሄዷል ይላሉ። ተድላ፣ እኚህ ሴት ልጃቸውን አላለቀሱትም። ነጠላቸውን እንኳ አላዘቀዘቁም፣ ሰው እንዳያውቅባቸው።

— የልጁን ራሽን? አልበሉትም እኮ። ድርሻውን ለብቻ ጆንያ ውስጥ ቋጥረው በጀርባቸው አምጥተውታል፤ ይኸው በሩ ሥር ተቀምጧል። «ስንዴውን ውሰዱት፣ ስሙን ግን አትሰርዙብኝ» ነው የሚሉኝ።

— ሐሙስ ቆጠራ አለ። ሰው በአካል ቆሞ ነው የሚቆጠረው። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ደረሳ፣ «በላይ!» ብለው ሲጠሩ ማን አቤት ይላል? በሞተ ሰው ስም ቀለብ ወሰዱ ተብለው መታሰራቸው ነው። ሐሙስ ደግሞ አርባው ነው።

— አይ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። በጥቅምት እዚህ መጥተህ «ቤተሰብ የሌለው አባወራ ይኖራል ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ሳቅኩብህ። እኛ ወለጋ ሰው ብቻውን አይተውም፣ ልጅ ለሌለው ጉዲፈቻ አለ፣ የአንድ ሰው ቤት የት አይተህ ታውቃለህ አልኩህ። ጎረርኩ። አንተም እኔን አምነህ ጭረቱን አሰመርክ። እኔ ስለ አገሬ ልማድ ሳወራ፣ ቅጹ የሚሞላው ቤተሰቡ በርሃብ ላለቀበት ሰው መሆኑን ረሳሁት። ምናለ ያን ጊዜ አፌን በያዝኩ። አሁን ጭረቱን በክብ ለውጥልኝ።

— የኮሚቴ ፊርማ?... መቼ ነው የሚሰበሰበው?... ከፋሲካ በኋላ። ሐሙስ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፣ ወንድሜ።

— እየሰማሁህ ነው... ኃላፊነት እንዳለብህ አውቃለሁ። በኔ ስም ጻፈው። የነቀምቴዋ ድርቤ የተሳሳተ መረጃ ሰጥታ ነበር፣ አሁን አርማለች በል። እፈርምበታለሁ። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።



— ታደርገዋለህ? አሁኑኑ? በል እርሳስ ያዝ፣ እኔም ላጲስ አንስቻለሁ። ጭረቱን አጥፋው... ክቧን ሥራት... እኔም ሠራሁ። ይህችን ለምታህል ነገር ነው እንግዲህ። ዛሬውኑ ቴሌግራም አድርግልኝ፤ ብቻውን ያለ ሰው ይመዘገባል፣ ካርዱም አይነሳም የሚል። የሸዋርጋም በዚሁ ይመለስ... ተባረክ።

— ቆይ፣ እንዳትዘጋው። ልንገራቸው።

— እማማ ወለቴ... ብቻዎን ይጻፋሉ። ካርድዎን ማንም አይነካውም... አዎ፣ ከአዲስ አበባ ነው፣ ራሱ ነው ያለኝ። ስንዴውን እኔ አስረክብልዎታለሁ። በላይንም አልሰርዘውም፤ ስሙን ጽፌ ከጎኑ የሞተበትን ቀን አኖራለሁ። ከእንግዲህ እንጨት ለቀማ አልሄደም፣ እናቴ። ሞቷል ማለት ይችላሉ።

— ሄሎ... አይ፣ መስመሩ አይደለም። እሳቸው ናቸው... ሠላሳ ስምንት ቀን አፍነው የያዙት ነው።

— ነመራ፣ በሩን ክፈተውና ከየክፍሉ ያሉትን ጥራቸው። ወንበርም ይዘው ይምጡ።

— ተድላ፣ ልዝጋው። ለቅሶ ልድረስ።