ጫፉ የተበጠሰው ሜትር

ይግቡ እትዬ፣ አረፍ ይበሉ። ያቺን ወንበር ይተዉአት፣ እግሯ ይነቃነቃል፤ ወንድምዎ «ነገ እሠራታለሁ» እንዳለ ነው የሄደው... ዝናቡ አባራ አይደል? ለልብስ ማስጫ ጥሩ ቀን ነው።

የባለቤቴ፣ የወንድምዎ መርዶ የደረሰኝ ቀንም እንዲህ ብራ ነበር። የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ነበር። ሜዳ ላይ ወድቆ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ማለፉን ሊነግረኝ የመጣው ያው የምናውቀው ወዳጁ ነው። እንዴት ያለ አዛኝ ሰው! አልቅሶ አስለቀሰኝ። ከዚያ እንባውን ጠረገና ወንድምዎ የፈጠረውን ጨዋታ ደንብ የሚጽፍበት ደብተር የት እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ፤ አውጥቼ ሰጠሁት። እንዳይጠፋ ብሎ እኮ ነው። በዚያ ሰዓት ደብተር የሚያስታውስ ወዳጅ ስንት ሰው አለው?

ሰፈሩ ሲስቅብን ያስታውሳሉ? የስፖርት አስተማሪ የሚያህል ሰው፣ በልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ጠንቋዮች በመጥረጊያ እየበረሩ የሚጫወቱትን ኳስ መሬት አወርደዋለሁ ብሎ፣ የመጥረጊያ እንጨት በእግሮቹ መሀል አድርጎ በጓሮ ሲሮጥ... ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ያ ወዳጃችን ነበር። ጥርሱ ደግሞ ያምርለታል።

አሁንማ የጨዋታው ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖልናል። የጨዋታውን ደንብ አሳትሞ አንድ ቅጂ ላከልኝ። ምን ያለ ወረቀት፣ ምን ያለ ሽፋን! «ከራሴ አእምሮ ያፈለቅሁት ጨዋታ» ይላል መግቢያው። የወንድምዎ ስም የትም የለም... ሐዘኔን እንዳይቀሰቅስብኝ አስቦ ይሆናል፣ አይመስልዎትም?

አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ይቺን የስፌት ሜትሬን ያውቋታል፤ ጫፏ ተበጥሶ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ነው የምትጀምረው። እኔ ሁልጊዜ አሥራ ሰባት እቀንሳለሁ። ወንድምዎ ግን ስንቴ ብነግረው ይረሳ ነበር። እንጨቱን ለሩጫ እንዲመች አድርጎ ከቆረጠው በኋላ በዚች ለካውና፣ ዘጠና ሳንቲ ሜትሩን መቶ ሰባት ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። «አርመው» ብለው «ቆይ» አለኝ። ሳያርመው ሄደ።

ይኸውልዎት፣ ገጽ አራት፦ «የእንጨቱ ርዝመት መቶ ሰባት ሳንቲ ሜትር»። ከራሱ አእምሮ! እኛ በተበጠሰ ሜትር የደረስንበትን፣ እሱ እንዲሁ በተሰጥኦው... አይደንቅም? አዲሶቹን እንጨቶች በዚሁ ልክ አሠርቶ፣ ልጆቹ ጭራው መሬት እየያዘባቸው ሲወድቁ ነው የሚውሉት አሉ። ልምምድ አንሷችሁ ነው ብሎ ተቆጣቸው። አዋቂ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም።

ጨዋታውን ፈጠረ ተብሎ እሑድ ይሸለማል። ዋንጫውን እኔ እንድሰጠው ለምኖኛል፤ ማክበሩ ነው። እሄዳለሁ እንጂ! በሩ ጀርባ ያለችውን የወንድምዎን እንጨት ይዤ፣ ሜትሬንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ። ልብስ ሰፊ ያለ ሜትር ትወጣለች እንዴ? ሕዝብ ፊት ትንሽ ብንለካካ ምን ይለዋል?

እርስዎ ወንድምዎን በጸሎት አይርሱት፤ ነፍሱን ይማርልን። ለወዳጁም ይጸልዩለት። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ቀኑ ሲደርስም... ለሚስቱ መርዶ የሚያደርስለት፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ አያሳጣው።