የልየው እጅ
(ባሕር ዳር፣ በሠርጉ ማግስት ጠዋት፤ ሙሽራዋ ይታይሽ ለመልሱ ግብዣ ልትወስደው አባቷ ልየው ሳይክል ወደሚጠግንበት ሱቅ መጥታለች።)

ልየው፦ አልመጣም አልኩሽ! መልሱ ያለ እኔም ይበላል።

ይታይሽ፦ በገዛ ቤትህ? እንግዶቹን ማን ሊቀበል ነው?

ልየው፦ ትናንት ላጉርስሽ ብዬ ወጡን ነጭ ቀሚስሽ ላይ ዘረገፍኩት። ዛሬ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?

ይታይሽ፦ ቀሚሱ ይታጠባል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ጠጥተህ ነበር?

ልየው፦ አዎ... ትንሽ ቀማምሼ ነበር።

ይታይሽ፦ አንተ? መጠጥ ስትተው እኔ እኮ ገና ተማሪ ነበርኩ።

ልየው፦ ሠርግ ነዋ! ሰው ይሳሳታል።

ይታይሽ፦ አሁንስ? በጠዋቱ ሸሚዝህን ደረትህ ድረስ ከፍተህ?

ልየው፦ ሞቆኝ ነው።

ይታይሽ፦ በዚህ ብርድ? እስቲ ያንን የራጂ ማጥበቂያ፣ የጎማውን ሽቦ የምታጠብቅበትን፣ አቀብለኝ።

ልየው፦ ምን ሊያደርግልሽ?

ይታይሽ፦ አቀብለኝ አልኩህ... ይኸው፣ ወደቀ!

ልየው፦ ግራሶ ነክቶት ነው፤ ያሟልጫል።

ይታይሽ፦ አባዬ፣ ጣቶችህ እኮ አይጨብጡም!

ልየው፦ ቀስ በይ፤ ጎረቤት ይሰማል።

ይታይሽ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ልየው፦ ከትናንት ወዲያ፣ ሚዜዎችሽ ሠርጉን የሚያጅቡባቸውን ሳይክሎች ሳዘጋጅ። በልጄ ሠርግ አንድ ጎማ እንኳ እንዳይወላገድ ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ ቀና ሳልል ራጂውን አንድ በአንድ ሳጠብቅ ዋልኩ። መጀመሪያ ደነዘዘኝ። ትናንት ጉርሻው ከጣቴ ሲሾልክ አልተሰማኝም።

ይታይሽ፦ ለዚህ እኮ ነው ማጥበቂያውን በአሮጌ የካላማዳሪ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ እጀታውን ያወፈርኩልህ። አንድ ጎማ ስትጨርስ እጅህን አሳርፍ፣ አንጓህን አጥፈህ አትጠምዝዝ ብዬህ ነበር። ላስቲኩ የታለ?

ልየው፦ ፈታሁት። ጎረቤት ሱቅ ያሉት እነሙጬ ሳቁብኛ! «ልየው ለመፍቻው ሹራብ አለበሰለት» እያሉ።

ይታይሽ፦ እና ሰካራም መባል ተሻለህ?

ልየው፦ ይሻላል እንጂ! የሰከረ ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል። እጁ ለከዳው ሰው ግን ማን ሳይክሉን ይሰጠዋል? እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? አፈርኩ ልጄ፤ ላንቺ እንኳ መንገር አፈርኩ።

ይታይሽ፦ ነገ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ። እስከዚያ ራጂ አትነካም።

ልየው፦ እሺ። ለመልሱ ግን ጉንፋን ይዞታል በያቸው።

ይታይሽ፦ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ማታ አማቴ «አባትሽ ይጠጣሉ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ልየው፦ ምን አልሻቸው?

ይታይሽ፦ የማውቀው የለኝ፤ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። «አዎ፣ ይቅር ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ልየው፦ ስለ እኔ? በሠርግሽ ቀን?

ይታይሽ፦ ጉልበታቸውን ስሜ።

ልየው፦ ...ነይ እስቲ፣ ሸሚዜን ቆልፊልኝ። እጄን ለአማትሽ ራሴ አሳያቸዋለሁ።