ከተማችን ለምን ያንሸራትታል?

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ከሥራችሁ ተነሥታችሁ፣ ኬክ አስመጥታችሁ ስለምትሸኙኝ አመሰግናለሁ። ስለ እኔ የተነገረውን ሁሉ በጥሞና አዳመጥኩ። «እንዲህ ያለው ደግ ሰው ማነው? እባካችሁ አስተዋውቁኝ» ልል ምንም አልቀረኝም። ስለ ስጦታውም እግዜር ይስጥልኝ። የማያንሸራትት የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ! ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከዘመቻው የተረፈ ነው።

ዘመቻውን የረሳ ካለ ላስታውሰው። እኛ የስታቲስቲክስ ቢሮ ሰዎች በከተማችን በድንገተኛ አደጋ የሞቱትን ቆጥረን ለበላይ አካል ላክን። የበላይ አካል አነበበና ደነገጠ። ሕዝባችን ይወድቃል! በደረቅ መሬት ያዳልጠዋል! በእኛ ሰንጠረዥ መሠረት ከዚህ ከተማ ሕዝብ የባሰ ቀልበ ቢስ ፍጡር ምድር ላይ የለም። ምንጣፍ ተገዛ። «ተጠንቀቁ፣ ያንሸራትታል» የሚል ቢጫ ማስታወቂያ በየደረጃው ተለጠፈ። ሕዝቡ ግን ምክር አይሰማ፤ መውደቁን ቀጠለ።

ራሱን ያጠፋስ? ዜሮ። አምናም ዜሮ፣ ካቻምናም ዜሮ። እንዲህ ያለ ደስተኛ ሕዝብ የት ይገኛል?

ክቡራትና ክቡራን፣ ምነው አቀረቀራችሁ? ኬኩ እኮ ገና አልተቆረሰም።

ሁላችንም እናውቀዋለን። አባት መስኮታችን ላይ ይመጣል፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። «ልጄን... እባካችሁ፣ አደጋ ነው በሉልኝ» ይላል። እምቢ የሚል አንጀት ያለው ማነው? ከፖሊስ የመጣው ወረቀት ሌላ ቢልም አደጋ እንላለን። ገመና ሸፈንን ብለን ጽድቅ እንደሠራ ሰው ተኝተን እናድራለን።

ታዲያ አንዲት አስተማሪ መጣች፤ በዕድሜ ልጄ የምትሆን። ከክፍሏ አንድ ተማሪ አጥታለች። ለትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪ እንዲቀጠር ጤና ቢሮን ብትለምን፣ «ችግሩ በከተማችን መኖሩን በመንግሥት ቁጥር አስረጂ» ብለው ወደ እኛ ሰደዷት።

«ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ራሳቸውን ያጠፉ ስንት ናቸው?»

«ዜሮ፣ የኔ ልጅ።»

«በአደጋ የሞቱትስ? በዝርዝር?»

«ለእሱ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ ማህተሙ ደብዝዟል አልኳት። አስደምቃ መጣች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አልኳት። የክፍሉ ኃላፊ እኔው ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አልሄድ ስትለኝ ተቆጣኋት። «ስሚ፣ እዚህ ቤት የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እኔ መች ስም ጠየቅኩ?»

ዕድሜ ልኬን ስቆጥር የኖርኩ ሰውዬ ይህን ከእሷ ተማርኩ። ቁጥር ስም የለውም። እናት አያሳፍርም፣ አባት አንገት አያስደፋም። ያ አባት የለመነኝ የልጁን ስም እንድሸፍንለት ነበር፤ እኔ ግን ከልጁ ስም ጋር ገና ልንደርስለት የምንችለውንም ልጅ ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ በቢጫው ማስታወቂያ ፊት ሳልፍ ዓይኔን እሰብራለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ትናንት «ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት የዘንድሮውን ሪፖርት እንደ አምናው አድርገው ይፈርሙልኝ» ብለውኝ ነበር። ፈርሜያለሁ። እንደ አምናው ግን አይደለም። ፖሊስ የጻፈውን ሁሉ ስም ሳላነሳ ወደየቦታው መለስኩት። ጡረታዬ የሚጀምረው ነገ ስለሆነ ማህተሙ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ እኔ ጋ ነው። ቁጥሩን እዚህ አልናገርም፤ ኬክ ፊት አይነበብም። ዜሮ ግን አይደለም።

አንዱን ቅጂ የምትወስደው አስተማሪ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ያመላለስኳት እኔ ነኝና ይቅርታውን የምጠይቀው፣ ወረቀቱንም የምሰጣት እኔ ራሴ ነኝ። አንድ ቁራጭ ኬክ አስቀሩላት። ምንጣፉን ግን እወስዳለሁ፤ በዚህ ከተማ ሲያንሸራትተው የኖረ እግር ቢኖር የኔ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ፤ የከፋውም ልጅ «ምን ሆንክ?» የሚለው ሰው ይዘዝለት። እኔ የሠራሁትን ከመድገም ይሰውራችሁ።

አስተማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ስትወርድ መንገድ ልቀቁላት። ብቻ አደራ፣ «ቀስ በይ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» እንዳትሏት። ደረጃችን ማንንም አንሸራትቶ አያውቅም።