የጊታሩ አንገትና የወይዘሮ ትርፌ እልህ

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ወይዘሮ ትርፌ ከሄርማታ ገበያ ሲመለሱ ሆሴዕን መንገድ ላይ አገኙት። ሆሴዕ ከከምባታ መጥቶ ጅማ ላይ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ነው። ራሱ የሠራውን የኤሌክትሪክ ጊታር ገላ በአንድ እጁ፣ የተገነጠለውን አንገት በሌላው ይዟል። አንገቱን በኮላ ያጣበቁለት፣ የሟች ባላቸውን የጀቤሳን የእንጨት ሥራ ቤት ወርሰው የሚሠሩት እሳቸው ነበሩና ደማቸው ፈላ።

«ማሎ! ምን አድርገህ ገነጠልከው? ሰው ደበደብክበት?»

«ክሩን ስወጥረው ተነቀለ፣ እማማ። ስድስቱ ክር ሲጎትት ግማሽ ኩንታል ቡና እንደ ማንጠልጠል ነው። ኮላ ብቻውን አይችለውም፤ በብሎን ይታሰር።»

«ከጀቤሳ ቤት ብረት የገባበት እንጨት ወጥቶ አያውቅም! በርጩማው ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል። ብረትማ እጁ ለሰነፈ ነው።»

እርግጥ ነው፤ በርጩማ ላይ ሰው ይቀመጣል እንጂ ሌት ተቀን የሚጎትተው የለም። ትርፌ ግን ለዚህ ጆሮ አልነበራቸውም።

«ደግሞስ ጸሎት ቤታችሁን ላሸጉት ሰዎች ልትዘፍንላቸው ነው እንዲህ የምትለፋው?»

«አዎ» አለ ሆሴዕ አንገቱን ደፍቶ። «የቀበሌው ሊቀ መንበር ‹ቅዳሜ ጊታሩ ካልጮኸ ከኪነት ቡድኑ ወጥተሃል፤ ስምህ ውትድርና ዝርዝር ውስጥ ይገባል› ብሎኛል።»

ትርፌ ባሉበት ቆሙ። የገዛ ልጃቸው ዘለቀ ትዝ አላቸው። ያኔ አንድ ወንበር በብሎን ቢሠራ፣ ጀቤሳ ወንበሩን በመጥረቢያ ፈልጦ አባረረው፤ እሳቸውም «ይበለው» አሉ። ልጁ ሥራ ፈትቶ አውቶቡስ ተራ ሲዞር ለውትድርና አፍሰው ወሰዱት። ይኸው ሰባት ዓመት፣ ወሬው የለም።

«ና፣ ግባ» አሉት ከሥራ ቤቱ ደጅ ሲደርሱ በሩን ከፍተው። «እንዴት ነው የምታስረው?»

«አንገቱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ይጥለቅ፣ አንገቱም ጥብቅ ብሎ ይግባ። ከጀርባ ላሜራ፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ብሎን። ላሜራው ከሌለ የብሎኑ ራስ እንጨቱን እየበላ ይሰምጣል።»

«ብሎኑ ከያዘው ጥብቅ ብሎ መግባቱ ምን ሊረባ?»

«ብሎኑ ይጫነዋል እንጂ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እንጨቱ ነው። የገላው ቀዳዳ ሰፋ ይበል፤ ብሎኑ የሚነክሰው አንገቱን ብቻ ነው። ስናጠብቀው ስቦ ያስቀምጠዋል።»

«እንግዲያ መሮውን ወዲህ በል፤ አንተ የምታውቀው ወረቀት ነው!»

ጎድጓዳውን ራሳቸው ፈለፈሉ፤ አንገቱ ሲገባ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረውም።

«ኋላ ቢጣመም» አለ ሆሴዕ ብሎኑን እያጠበቀ፣ «ፈትቶ ማቅናት ነው። ቢሰበርም አንገቱ ብቻ ይለወጣል።»

«ፈትቶ ማቅናት» አሉ ትርፌ። «እኛ ቤት መፍለጥ ነበር።»

ቅዳሜ ጊታሩ ጮኸ፤ አንገቱም ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ዝርዝሩ ሲነበብ የሆሴዕ ስም አልነበረም፤ በእሱ ፋንታ የጎረቤታቸው የብርሃንነሽ ልጅ ተጠራ። ትርፌ እልል አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ግን በሥራ ቤታቸው ወንበሩም አልጋውም በብሎን ይገጠማል። በዝናብ ወራት የላላው ይጠብቃል፤ አንድ እግር ቢሰበር እግሩ ይለወጣል እንጂ አልጋው አይጣልም። እንጨትም ልፋትም ተረፈ።

አንድ ቀን ከፈለ የሚባል አናጺ «ጀቤሳ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?» ብሎ ሊነካካቸው ቢሞክር፣ ቀና ብለው አዩት።

«ያለውንማ ሰምቼዋለሁ። እኔ ልጄን ከፍዬ ነው የተማርኩት፤ አንተ በነጻ ውሰደው።»