«ጻፍ» እና «ጨምር»

የደም ባንኩ መዝገብ ያዥ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቅጽል ስማቸው አባ መዝገብ፣ ሦስት ትልልቅ መዝገቦች ታቅፈው ሲጣደፉ ደረጃው ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሊላተሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ማዋለጃ ክፍል ደም የሚፈሳት እናት አለች፤ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው አንድ ከረጢት ብቻ። የለጋሾች ስልክ አሁኑኑ ካልተገኘ ሴትዮዋ ማለቋ ነው።

«ጋሼ፣ በኮምፒውተር እንፈልገው» አለች ልጅቷ።

«ባለፈው ሳምንት የአራት ሺህ ሰው ስም ድራሹን ባጠፋሽበት?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፋይል ሲከፈት ለምን እንደሚከፈት መንገር ያስፈልጋል፤ ለማንበብ፣ ለመጻፍ ወይም ለመጨመር። እኔ አንድ ለጋሽ ላስገባ ብዬ ‹ጻፍ› አልኩት። ለሱ ‹ጻፍ› ማለት የነበረውን ደምስሰህ ከባዶ ጀምር ማለት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ስጽፍ የላይኛውን አጥፍቼ አላውቅም። ይኼ ምን የሚሉት ጸሐፊ ነው?»

«ያሉትን ብቻ የሚሰማ። ነርሶቹ ከእርስዎ መዝገብ እንደገና ገልብጠውታል። አሁን ለማንበብ ብቻ ነው የምከፍተው፤ እንደዚያ ሲከፈት አንዲት ፊደል አይነካም።»

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌውም ጨንቋቸው ነበር። መዝገባቸው በቀን እንጂ በደም ዓይነት አልተደረደረም። ግን ኩራት ያዛቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አንደኛውን መዝገብ ከፈቱ። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተችና ፋይሉን መስመር በመስመር አንብቦ ‹ኦ ኔጌቲቭ› ያለበትን እንዲያወጣ አዘዘችው። ምንም አልወጣም።

«አላልኩሽም?» አሉ፤ ደስ ግን አላላቸውም። ወዲያው ግንባራቸውን መቱ። «ቆይ፣ እኔ መቼ እንዲያ እጽፋለሁ? ኔጌቲቩን በአማርኛ ‹ኦ ቅንስ› ነው የምለው።»

እንዲያ ብላ ስትፈልግ ዘጠኝ መስመር ከነስልኩ ተደረደረ። እሳቸው ገና ሁለተኛውን ገጽ አልገለጡም ነበር።

ከዘጠኙ አራቱ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ፤ እናቲቱም ተረፈች።

አባ መዝገብ ከዚያ ወዲህ ለሚሰማቸው ሁሉ «መዝገቡ ቢቃጠል ፋይሉ፣ ፋይሉ ቢጠፋ መዝገቡ አለ፤ የሙሉ ቀን ፍለጋም በደቂቃ ያልቃል» ይላሉ። ያን ዕለት ግን ልጅቷ አራቱ የለገሱበትን ቀን ልታስገባ ስትል ከኋላዋ ቆመው ትከሻዋን ነኩ።

«ምን ብለሽ ነው የከፈትሽው?»

«‹ጨምር› ብዬ።»

አስገብታ ስትጨርስ ለማንበብ አስከፈቷት። የላይኞቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ አራቱ አዲሶች ከሥር። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በይ እስቲ ጠጋ በይ፤ ቀጣዩን እኔ ልጨምር።»